ልጄ ስፓኒሽ ልማር አለችኝ

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው፣ ሆቴል ነው የምሠራው። ሴት ልጄን ብቻዬን ነው ያሳደግኳት። አሁን 17 ዓመቷ ነው፣ 12ኛ ክፍል ናት፣ ጎበዝ ተማሪ ናት። ነርሲንግ ትገባለች ብዬ ስጠብቅ ‹ዩኒቨርሲቲ የምማረው ስፓኒሽ ነው› አለችኝ። እዚህ አገር ስፓኒሽ የሚናገር ሞልቶ የለም እንዴ? ተመርቃ ምን ልትሠራ ነው? የራሷን ቋንቋ እንኳ አጣርታ አትናገርም። እኔና እሷ በጣም ነው የምንቀራረበው። ከልጅነቷ ጀምሮ ወረቀቴን የምታነብልኝ፣ ሐኪም ቤት የምታስተረጉምልኝ እሷ ናት። ማዮማ (የማህፀን ዕጢ) እንዳለብኝ የነገረችኝም እሷ ናት። ያኔ 11 ዓመቷ ነበር፤ ‹ማህፀን› የሚለው ቃል ጠፍቷት የራሷን ሆድ ነክታ አሳየችኝ። አሁን ግን ዓርብ ዓርብ የኤል ሳልቫዶር ጓደኛዋ ቤት ነች። ቤት ስትሆንም በር ዘግታ ስልክ ላይ በስፓኒሽ ስትስቅ እሰማታለሁ። ማኅበር ላይ ‹ልጅሽ ምን ልትማር ነው?› ሲሉኝ አፍሬ ዝም እላለሁ። ምን ብዬ ላሳምናት?»

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ የሥራና የእንጀራ ጥያቄ መስሎኝ ነበር። እንግዲያው እሱን በቅድሚያ ልመልስና ልገላገል።

ስጋትዎ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ነርስ ስትመረቅ ፈተናዋን አልፋ በሥራ ፈቃዷ ትገባለች፤ ሥራው ስም አለው። የቋንቋ ምሩቅ ግን ቋንቋውን የሚያዳብልበት ሌላ ሙያ ቢኖረው ይሻለዋል። ደግነቱ ለዚያ ቦታ አለ። እዚያ አገር ባችለር ዲግሪ ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። ስፓኒሽ ሜጀር ከዚህ ውስጥ የሚወስደው ሲሶውን ገደማ ነው። በቀረው የሕዝብ ጤና፣ ሶሻል ዎርክ ወይም መምህርነት ደርበው የሚማሩ ብዙ ናቸው።

«የሚናገረው ሞልቶ የለም ወይ» ላሉት ደግሞ፣ መናገርና ማስተርጎም ይለያያሉ። እኛ ሁላችን አማርኛ እንናገራለን። ፍርድ ቤት ቆመን ስለ ዋስትናና ስለ ይግባኝ ሰው የሚናገረውን ሳናጎድል፣ ሳንጨምር፣ እዚያው በዚያው ተርጉሙ ብንባል ስንቶቻችን እንወጣዋለን? የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች አስተርጓሚ የሚመዝኑበት ፈተና አሁን የሚሰጠው በስፓኒሽ ብቻ ነው። የጽሑፍም የቃልም ክፍል አለው፤ እናቱ ቤት ስፓኒሽ ሲሰማ ያደገ ሰውም ይወድቅበታል። በሐኪም ቤት አስተርጓሚነትም የሙያ ምስክር ወረቀት አለ። ዕድሜ 18 ሲሞላና ቢያንስ የ40 ሰዓት ሥልጠና ሲወሰድ ነው ለፈተናው የሚቀመጡት።

18 ዓመት። ይህን ቁጥር ስጽፍ ነው ደብዳቤዎ ሌላ የሆነብኝ።

ልጅዎ ይህን ሥራ የጀመረችው በስንት ዓመቷ ነው? ሐኪሙ ለእርስዎ ሊናገር የሚገባውን ነገር መጀመሪያ የሰማችው እሷ ናት። እርስዎ የሰሙት ከእሷ አፍ ነው። በመካከል ላይ የነበሩት ጥቂት ሰከንዶች የእሷ ብቻ ነበሩ። እናቷ ታማለች። ነገሩ ካንሰር ይሁን ሌላ በውል ላይገባት ይችላል። ቃሉ ጠፍቷታል። ሐኪሙም እናቷም ዓይን ዓይኗን እያዩ ይጠብቃሉ። እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። እርስዎ ይህን የጻፉት መቀራረባችሁን ለማሳየት ነው፣ አምንዎታለሁ። እውነትም መቀራረብ ነው። ግን የ11 ዓመት ልጅ ያን ቀን ማልቀስ አትችልም፤ ብታለቅስ ማን ያስተረጉማል?

ለስደተኛ ወላጆቻቸው ስለሚያስተረጉሙ ልጆች ብዙ ተጠንቷል። ብዙዎቹ ይኮሩበታል፣ ቀድመው ይበስላሉ። ሸክሙ ሲበዛና ጉዳዩ የትልቅ ሰው ሲሆን ደግሞ ጭንቀት ያተርፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አንድ ልጅ ላይ አብረው ይኖራሉ። እርስዎን ለመውቀስ አይደለም የምለው። ብቻዎን ነበሩ፣ ሌላ ሰው አልነበረዎትም።

እስቲ እናንተ ቤት አማርኛ ምን ምን ሥራ እንደሚሠራ ይቁጠሩልኝ። የመብራት ቢል በአማርኛ ይተረጎማል። የኢንሹራንስ ደብዳቤ፣ የቀጠሮ ቀን፣ የባንክ ስልክ። «እቃ አላጠብሽም» የሚባለው በአማርኛ ነው። «አማርኛሽ ተበላሽቷል» የሚባለውም በአማርኛ ነው። ለልጅዎ አማርኛ የሥራ ቋንቋ ሆኗል፤ ያውም ደመወዝ የሌለው፣ ስህተት የማይፈቀድበት ሥራ። አንድ ቃል ብትስት እናቷ ገንዘብ ታጣለች ወይም መድኃኒት ይሳሳታል።

ስፓኒሽ ግን ለእሷ ምንም አደራ የለበትም። ጓደኛዋ ቤት ገብታ፣ ፑፑሳ የሚባለውን ቂጣቸውን በእጇ ይዛ፣ ግሡን አጣማ ብትናገር ቤቱ ሁሉ ይስቃል፤ እሷም ትስቃለች፣ ደግማ ትሞክራለች። እዚያ ቤት ማንም በእሷ አፍ አይታከምም። ልጅ የሆነችበት ቋንቋ ቢኖር እሱ ይመስለኛል። ዕድሜዋን ሙሉ በሁለት ሰዎች መካከል ቆማ ስትናገር የኖረች ልጅ ሙያዋ ቋንቋ ቢሆን አይገርመኝም። የሚገርመኝ በዚህ ሁሉ ድካም ቋንቋን አለመጥላቷ ነው።

አሁን ወደማይመች ነገር ልምጣ። ከደብዳቤዎ ውስጥ እኔ ላይ የቀረው ማኅበሩም ሆነ ነርሲንጉ አይደለም፤ በሩ ነው። ከበሩ ወዲህ ቆመው ሳቋን ይሰማሉ፣ ምን እንዳሳቃት ግን አያውቁም። ይህ ያማል። «ተመርቃ ምን ልትሠራ ነው?» የሚለው ጥያቄዎ ውስጥ «እኔ ከማልገባበት ቦታ ልትሄድ ነው ወይ?» የሚል ሌላ ጥያቄ የሰማሁ መሰለኝ። ከተሳሳትኩ ይቅርታ። ካልተሳሳትኩ ግን ነርሲንግ ብትገባም ይህ ጥያቄ አይለቅዎትም።

አንድ ነገር ደግሞ ላርም፤ «የራሷን ቋንቋ አጣርታ አትናገርም» ብለዋል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ስፓኒሽ ለማስተማር 30 ሳምንት ገደማ ይመድባል። ለአማርኛ 44 ሳምንት ይሰጣል፤ ከባዶቹ ቋንቋዎች መካከል ነው የሚመድበው። ልጅዎ ያንን ከባድ ቋንቋ ያለ አስተማሪ ተምራ ለዓመታት ቤት አስተዳድራበታለች። ጠ እና ተ ቢምታታባት ይለፏት።

ምን ላድርግ ካሉኝ፣ ማሳመኑን ለጊዜው ያቆዩት። የትምህርት ቤቷ አማካሪ ዘንድ አብራችሁ ብትሄዱና ስፓኒሹን ከምን ጋር መደረብ እንደሚቻል እሷ ብትጠይቅ ጥሩ ነው። እርስዎ ያዳምጡ። ያልገባዎት ካለ የሚያስተረጉም ሰው ትምህርት ቤቱን ይጠይቁ፤ በራሷ ጉዳይ ላይ እንኳ እሷን አስተርጓሚ አያድርጓት።

ሌላው፣ ቅዳሜም ይሁን እሑድ ቡና ሲያፈሉ ወረቀት የማይነሳበት ግማሽ ሰዓት ይኑራችሁ። አማርኛዋን አያርሙ። ምን እንዳሳቃት ይጠይቋት። ምናልባት ቀልዱ በአማርኛ አያስቅም፤ ይሁን። እርስዎስ ሆቴል ውስጥ ከሥራ ጓደኞችዎ የለቀሙት ስፓኒሽ የለም? አንድ ሁለት ቃል ይወርውሩላትና ትሳቅብዎት።

የ11 ዓመቷን ቀን በተመለከተ ግን ብቻዎን ባይነካኩት እመርጣለሁ። ከቤተሰብ አማካሪ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ብታወሩት ይሻላል፣ ቢቻል አማርኛ ከሚችል ጋር። «ምንም አልመሰለኝም» ልትልዎት ትችላለች። ይታገሱ፣ አያስጨንቋት።

የማዮማ ክትትልዎን ደግሞ አያቋርጡ። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ቀደም ብለው ደውለው የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ይበሉ። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሐኪም ቤቶች በነፃ ማቅረብ ግዴታቸው ነው፤ በስልክም ቢሆን ያገናኙዎታል። እሷ ያን ቀን ትምህርት ቤት ትዋል።