ድናችሁ እስክትጨርሱ አትጠብቁ

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በአዋላጅ ነርስነት ነው። ምክር ፈልገው ወደ እኔ የሚመጡ ወጣቶች አብዛኞቹ «ይህ ችግር ብቻ ይለፍልኝ፣ ከዚያ እጀምራለሁ» ይሉኛል። ትምህርቱንም ሥራውንም ለዚያ ቀን አቆይተውታል። እንዲህ ሲሉኝ ሁልጊዜ የማነሳላቸው ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ነው።

ወይዘሮ ማሚቱ የገጠር ልጅ ናቸው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ለቀናት አምጠው ልጃቸውን አጡ፤ እሳቸውም ፊስቱላ ያዛቸው። ምጥ ሲጓተት የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ገላ ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ይበሳል፤ ከዚያ ወዲያ ሽንቷን መቆጣጠር አትችልም። ብዙዎቹ ሽንቱ እንዲቀንስላቸው ብለው ውሃ መጠጣት ይተዋሉ። ይህ ደግሞ ሽንቱን ያከብደዋል፤ ቆዳቸውን ያቃጥላል፤ ጠረኑም ይብሳል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ግን ታካሚዋ ሽንቷን እንዲያወጣ የተደረገላት ቱቦ እንዳይዘጋ አብዝታ መጠጣት አለባት፤ ስለዚህ ነርሷ ኩባያ ይዛ ከአልጋው አጠገብ ትቆማለች። «ጠጪ እንጂ የኔ እመቤት፣ አሁንም ጠጪ» ትላታለች። ለዓመታት ውሃን ስትሸሽ የኖረች ሴት ኩባያውን ተቀብላ የነርሷን ዓይን ታያለች፤ እንድትጠጣ የፈቀደላት ሰው መኖሩን ማመን ያቅታታል።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ አዋላጆችን ሊያሠለጥኑ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጥተው ነበር። ወይዘሮ ማሚቱን ያከሟቸው እነርሱ ናቸው። ሕመሙ ግን በአንድ ቀዶ ሕክምና የሚለቅ አልነበረም። ወይዘሮ ማሚቱ ወደ መንደራቸው አልተመለሱም፤ እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል፣ ቀጥሎም ራሱን ቀዶ ሕክምናውን መማር መጣ። ያን ጊዜ ፊደል እንኳ አልቆጠሩም ነበር። ሐምሊኖች እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ሲከፍቱ አብረው ቀጠሉ፤ ከውጭ አገር የሚመጡ ሐኪሞችን ሳይቀር አሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር በወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው።

ልጆቼ፣ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ሥራው የጀመረው ሕመሙ ገና ሳይለቅቃቸው ነው። ዛሬ ከአልጋ ማንጠፍ የሚበልጥ ጉልበት ከሌላችሁ አልጋ አንጥፉ፤ ያንኑ ግን በደንብ አንጥፉት። ደግሞም ብቻቸውን አልተነሡም። «ይህቺ ልጅ እጇ ይታዘዛታል» ብሎ ያስተዋለ፣ አስተውሎም መሣሪያውን ያስያዘ ሰው ነበር። ስለ ጽናት ሲወራ ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ እኔን ይቆጨኛል። ነገ አለቃ ስትሆኑ፣ ጥግ ይዛ የተቀመጠችውን ልጅ ከማዘን አልፋችሁ ምን መሥራት እንደምትወድድ ጠይቋት።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላችኋለሁ። የተቸገረን ሰው «ቻል አድርገው» ብላችሁ አትሸኙ። ቀናት ሙሉ ምጥን ለቻለች ሴት ስለ መቻል ማን ሊያስተምራት ይችላል? ያጣችው አዋላጅ ነው፤ ያጣችው ጤና ጣቢያ የሚያደርስ መንገድ ነው። ፊስቱላ በጊዜው የደረሰ የሠለጠነ ሰው ቢኖር የሚቀር ሕመም ነው።

ዶክተር ካትሪንም ይህን አውቀው፣ ማከሙ ብቻ አይበቃም ብለው እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ አስከፈቱ። ተማሪዎቹ ከገጠር ይመለመላሉ፤ ሲመረቁም ወደየአካባቢያቸው ተመልሰው ያዋልዳሉ። ከእናንተ መካከል የጤና ትምህርት የሚያስብ ካለ አዋላጅነትን ከሌሎቹ አሳንሶ አይይ። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ሌሊቱ ረጅም ነው። እኔ ግን ዛሬም ሃያ ዓመት ቢሞላኝ የምመዘገበው ለዚሁ ሥራ ነው።