የወንዝ አልጌ ከወቅት ወቅት ለምን ይለያያል? ጥያቄና መልስ

ስለ ወንዝ አልጌ የጠየቃችሁኝን ከዚህ በታች መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ድንጋዩ አንዳንዴ ቡናማ ሆኖ ያዳልጣል፣ ሌላ ጊዜ አረንጓዴ ጸጉር ያበቅላል። ያው አልጌ ነው ቀለሙን የሚቀይረው?

መልስ፦ አይደለም፤ የተቀየሩት ነዋሪዎቹ ናቸው። ቡናማው በአብዛኛው ዳያቶም ነው፤ የሲሊካ (መስታወት መሰል ማዕድን) ቅርፊት ያለው ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ። ቀዝቃዛ ውሃና ደካማ ብርሃን ብዙም አይከብደውም። ብርድና ሙቀት በሚፈራረቁበት አካባቢ ብርዱ ሲለቅ ይበዛል፤ ሙቀቱ ሲበርድም ብዙ ጊዜ እንደገና ያንሰራራል። በመሃል ውሃው ሞቆ ፍሰቱ ሲረጋጋ እንደ ክላዶፎራ ያሉ ክር መሰል አረንጓዴ አልጌዎች ቦታውን ይይዛሉ።

ጥያቄ፦ ዝናብና ደረቅ ወቅት ብቻ ባለበትስ?

መልስ፦ እዚያ ወሳኙ ጎርፍ ነው። ድንጋዩን ያንከባልላል፣ በአሸዋ ይፍቀዋል፣ ድፍርሱም ብርሃን ይከለክላል። ውሃው ሲጎድልና ሲጠራ አልጌው በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚሰፍሩት እንደ አክናንቲዲየም ያሉ ትንንሽ ዳያቶሞች ናቸው። ክር መሰሎቹ ዘግይተው ይደርሳሉ።

ጥያቄ፦ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወንዝ፣ ፈጣኑና ረጋ ያለው ቦታ ለምን ተለያየ?

መልስ፦ ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ወቅት ለሁሉም መኖሪያ እኩል አይደርስም። ፈጣን ውሃ ላይ ኮኮኔይስ የተባለው ዳያቶም ጠፍጣፋ ሰውነቱን ድንጋዩ ላይ ልጥፍ አድርጎ ጎርፉን ይቋቋማል። ደለል ላይ ግን መለጠፍ አያዋጣም። እዚያ የሚበዙት ናቪኩላና ኒትዝሺያ የተባሉት ተንቀሳቃሽ ዳያቶሞች ናቸው፤ ደለል ሲያለብሳቸው ተንቀሳቅሰው ወደ ላይ ይወጣሉ። የውሃ ተክል ላይ የሚኖሩት ደግሞ ተክሉ ሲሞት መኖሪያቸውን ያጣሉ። የዛፍ ጥላም አለ፦ ዛፎች ቅጠላቸውን በሚያራግፉበት አካባቢ፣ ትንሽ ጅረት ላይ አልጌው የሚበረታው ቅጠሉ ሳይወጣ ነው። ጥላ የሌለው ሰፊው ወንዝ ላይ ግን ሌላ ጊዜ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ወቅቶችን ለማወዳደር ናሙና ከየት ልውሰድ?

መልስ፦ ሁልጊዜ ከአንድ ዓይነት መኖሪያ። አንዴ ከድንጋይ፣ አንዴ ከጭቃ ከወሰድክ ልዩነቱ ከወቅቱ ይሁን ከቦታው አታውቀውም። የበርካታ ድንጋዮችን የላይኛውን ገጽ በጥርስ ብሩሽ ፍቅ፣ የፋቅከውን ስፋት ለካ፣ ናሙናው እንዳይበላሽ የሉጎል አዮዲን ጠብ አድርግበት። የውሃውን ሙቀት፣ ፍጥነቱን፣ ጥላውን መዝግብ። የመጨረሻው ጎርፍ መቼ እንደነበር ደግሞ በፍጹም እንዳትዘለው!

ጥያቄ፦ አልጌ በዛ ማለት ወንዙ ተበክሏል ማለት ነው?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። ፎስፈረስና ናይትሮጅን ሲጨመር ይበዛል፣ እውነት ነው። ግን ቀንድ አውጣና የነፍሳት እጭ ስለሚግጡት ብዙ ማዳበሪያ የገባበት ወንዝም ስስ ልባስ ብቻ ሊያሳይ ይችላል። ከብዛቱ ይልቅ የዝርያዎቹ ዓይነት የበለጠ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ዳር ላይ የተከማቸው ጥቁር ምንጣፍ መሰል ነገር አደገኛ ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ሳይኖባክቴሪያ (እንደ አልጌ በብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅ ባክቴሪያ) ከሆነ አንዳንዱ ነርቭ የሚጎዳ መርዝ ያመርታል፤ የበሉ ውሾች ሞተዋል። ውሃው ሲያንስና ሲሞቅ ከወለሉ ተነቅሎ ዳር ይሰበሰባል። መርዛማ መሆኑን በዓይን መለየት ስለማይቻል ልጆችንና ውሾችን አርቁ።