እናትሽ በቢዝነስ ክላስ ቢመጡ ምን ያገኛሉ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። እናትሽ 67 ዓመታቸው ነው። ስኳር አለባቸው፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ከደሴ ተነስተው አንቺ ጋ ዋሽንግተን ሊመጡ ነው። «ቢዝነስ ክላስ ልቁረጥላቸው ወይስ ብሩን ለሌላ ነገር ላስቀምጠው? ውስጡስ ምን ይመስላል? ከፍታውስ አይጎዳቸውም?» ብለሻል። ብዙ ሰው «እናት ናት፣ ቁረጪላት» ብሎ አልፏል። እኔ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፣ እናቴን በሁለቱም አምጥቻታለሁና። መጀመሪያ በኢኮኖሚ፣ ማለት በተራው ክፍል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በቢዝነስ፣ በውዱ ክፍል። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ፣ የሆጤ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። የምትገዢላቸው ዋናው ነገር መኝታ ነው። ሌላው ሁሉ ደስ ይላል፣ ግን ያን ያህል ብር አያወጣም። ትኬቱ የኢኮኖሚውን ሁለት እጥፍም፣ አንዳንዴ አራት እጥፍም ይሆናል። አቅምሽ ለአንድ መንገድ ብቻ ከሆነ መምጫውን በቢዝነስ ቁረጪ፣ መመለሻው በኢኮኖሚ ይሁን።

የመጀመሪያውን ጉዞ ልንገርሽ። እናቴ መስኮት ጋ ተቀመጠች። ከእኛ ቀጥሎ መተላለፊያው ዳር አንድ ሰውዬ ነበሩ፣ ገና ሳንነሳ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ አልነሳም አለች። «የሰው ልጅ ተኝቶ እንዴት ይቀሰቀሳል?» ትለኛለች። ሽንት ቤት እንዳትሄድ ብላ ውሃም አልጠጣ አለች። ስኳር ያለበት ሰው ሽንቱን ቋጥሮ፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ ያን ሁሉ ሰዓት! ስንደርስ ጫማዋ አልገባ አላት። ካልሲዋን ዝቅ ሳደርገው የላስቲኩ መስመር ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። በጣቴ ስነካው ጎድጎድ ብሎ ይቆያል። የእኔን ነጠላ ጫማ አድርጋ ነው ከአውሮፕላን የወረደችው። እብጠቱ የወረደላት በሦስተኛው ቀን ነው። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው፣ እንዲህ ያለ እግር በየቀኑ አያለሁ። የእናቴን ሳይ ግን አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት ሙሉ ኦቨርታይም ገብቼ ለሁለተኛው ትኬት አጠራቀምኩ።

አሁን መምጫውን ለምን እንዳልኩሽ። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚመጣው በረራ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። እኛ ስንመጣ ያረፈው ደብሊን ነበር። ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው አልወረደም፣ እዚያው ተቀምጠን ነው የጠበቅነው። ምክንያቱ የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል። ዋሽንግተን ግን መሬቱ ዝቅተኛ ነው። ከዚያ ሲነሳ ነዳጁን ሞልቶ በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባል። ስለዚህ መመለሻው 13 ሰዓት አካባቢ ሲሆን መምጫው ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል። በዚያ ላይ መምጫው ማታ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ስለሚበር ሌሊቱም አብሮ ይረዝማል። እናትሽ መተኛት የሚያስፈልጋቸው ያኔ ነው።

ወንበሩ እንዲህ ነው። እኛ የመጣነው በኤርባስ ኤ350 ነው። በአንድ ረድፍ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ሆኖ ነው የተደረደረው። ቁልፉን ስትጫኚ ጀርባው ወደ ኋላ ይወርዳል፣ የእግሩ ማሳረፊያ ይነሳል፣ መጨረሻ ላይ እንደ አልጋ ጠፍጣፋ ይሆናል። ትራስና ወፈር ያለ ብርድ ልብስ ይሰጡሻል። ሁሉም አውሮፕላን ግን እንዲህ አይደለም። የአንዳንዱ ቢዝነስ ወንበር ሲዘረጋ ተዳፋት ነው፣ ተኝተሽ ወደ እግርጌ ትንሸራተቻለሽ። ጉልበት ለሚያመው ሰው ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት የአውሮፕላኑን ዓይነት ጠይቂ፣ «ወንበሩ ሙሉ በሙሉ ይተኛል ወይ?» በያቸው።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ። አሁን አሁን እያንዳንዱን ወንበር እንደ ትንሽ ክፍል የሚከልሉ አየር መንገዶች በዝተዋል፣ በር ያላቸውም አሉ። ሰው ሁሉ የሚያወድሰው ያንን ነው። ለእኔ እናት ግን አልመርጠውም። አውሮፕላኑ ሲናወጥ እጇን ዘርግታ የያዘችው የእኔን እጅ ነበር። መሐላችን ግድግዳ ቢኖር እንዴት ታደርግ ነበር? አብረሻቸው የምትመጪ ከሆነ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ወንበሮች ያዢ።

መጀመሪያ ላይ እናቴ አልተኛም ብላኝ ነበር። ወንበሩን ዘርግቼላት ቁልቁል አየችው። «ሰው ፊት እግሬን ዘርግቼ ልተኛ?» አለችኝ። የእኛን እናቶች ታውቂያቸዋለሽ። ጋቢዋን ከቦርሳ አወጣሁና ከላይ እስከ ታች አለበስኳት። ሻሿን አስተካከለች፣ ጎኗን አዞረች፣ ትንሽ ዱአ አደረገች። ከዚያ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኛች። እየነቃሁ አያት ነበር። አፏ ትንሽ ከፈት ብሎ፣ አንድ እጇ ጉንጯ ሥር፣ ልክ ቤቷ እንደምትተኛው። ዋሽንግተን ስንደርስ የገዛ ጫማዋን አድርጋ ወረደች። ያወጣሁት ብር የተመለሰልኝ ያኔ ነው። ለጋቢ ቦታ አትሰስቺ እህቴ። የአውሮፕላኑ ብርድ ልብስ ለሙቀት ይበቃል፣ ጋቢው ግን የራሳቸው ነገር ነው።

ስለ ምግቡም ጠይቀሻል። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ያነጥፋሉ፣ እጅ መጥረጊያ ትኩስ ፎጣ ይሰጣሉ፣ ምግቡ በተራ በተራ ይመጣል። እንጀራ በወጥም ነበር። ለእናቴ ሲቀርብላት አልነካም አለች። መተላለፊያውን ተሻግሮ ያለው ልጅ ተኝቶ ነበር፣ ለእሱ ሲያልፉት አይታለች። «ያ ልጅ ሳይበላ?» አለችኝ። ዳቦዋን በናፕኪን ጠቅልላ አስቀመጠችለት። ሲነቃ ሰጠችው። ልጁ የጎንደር ነኝ አለን፣ ተነስቶ ጉልበቷን ሳማት። ቡናውን ያመጣችው ሆስተስ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ነበር፣ ከጀበና ነው የቀዳችልን። እናቴ አቦሉን ጠጥታ «በረካው መቼ ነው?» አለች። ልጅቷ ሥራ ላይ ናት፣ ሰው ይጠብቃታል፣ ግን ተመልሳ መጥታ ቀዳችላት። እስከ ዛሬ በዱአዋ ታነሳታለች።

የስኳር፣ የጾም ወይም የሙስሊም ምግብ ከፈለግሽ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ማዘዝ አለብሽ። እዚያ ደርሰሽ አታገኚውም። በሰዓቱ መብላት ስላለባቸው ደግሞ የራሳቸው መክሰስ በእጅ ቦርሳ ይኑር። እኛ ዳቦ ቆሎ ይዘን ነበር።

ከፍታውን ፈርተሻል፣ አብሽሪ። አውሮፕላኑ ከ10 ሺህ ሜትር በላይ ቢበርም ውስጡ አየር ይሞላል። በኤ350ና በቦይንግ 787 ውስጡ ያለው አየር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ነው። እንደ ኮምቦልቻ ከፍታ ማለት ነው። በቆዩት አውሮፕላኖች ወደ 2,400 ይደርሳል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። እናትሽ ዕድሜ ልካቸውን ከዚያ በላይ ኖረዋል። የሚያስቸግረው ድርቀቱ ነው። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ አፍንጫ ይደርቃል። ቢዝነስም ኢኮኖሚም ለዚህ አንድ ናቸው። ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ፣ ቫዝሊን ይያዙ። በቢዝነስ ጥቅሙ ሽንት ቤቱ ቅርብ መሆኑና ሰልፍ አለመኖሩ ነው። ማንንም ሳይቀሰቅሱ ይነሳሉ፣ ስለዚህ ውሃውን አይፈሩትም። ለእናቴ ከአልጋው ቀጥሎ የጠቀማት ይሄ ነው።

አልጋ አለ ብለሽ ግን ተኝተው እንዲያድሩ ብቻ አትተያቸው። ረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቆየት እግር ላይ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። ሲነቁ ትንሽ ይራመዱ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ያዟዙሩ። ለእግር እብጠት የሚደረገውን የሚያጠብቅ ካልሲ ከመግዛትሽ በፊት ሐኪማቸውን ጠይቂ፣ ስኳር ያለበት እግር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ በእጅ ቦርሳ ይሁን። ሻንጣ የሚጫንበት ክፍል ሊያቀዘቅዘው ይችላል፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ተበላሸ ማለት ነው። ከሐኪም ደብዳቤ ያሲዢያቸው። የአዲስ አበባና የዋሽንግተን ሰዓት እዚህ በሚሞቅበት ወራት 7፣ በብርዱ ወራት 8 ሰዓት ይለያያል። መድኃኒቱን በየትኛው ሰዓት እንደሚወስዱ ሳይነሱ በፊት ሐኪሙ ይጻፍላቸው።

ስለ ዊልቸር ብዙ ሰው ተሳስቷል። ዊልቸር ለማግኘት ቢዝነስ መቁረጥ አያስፈልግም፣ ለሁሉም ነፃ ነው። ግን ቀድሞ መመዝገብ አለበት፣ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ብታደርጊው ጥሩ ነው። እኛ በመጀመሪያው ጉዞ ትኬቱን የቆረጠልን ሰውዬ «አስገብቻለሁ» ብሎን ነበር። ስንደርስ ስሟ የለም። አንድ ሰዓት ያህል ቆማ ጠበቀች፣ በዚያ ጉልበቷ። ከዚያ ወዲህ ሰው አላምንም፣ ራሴ ደውዬ አረጋግጣለሁ። አንቺም ደውይ።

ላውንጁን፣ ማለት የቢዝነስ መንገደኞች በረራ እስኪደርስ የሚያርፉበትን ክፍል፣ በአጭሩ ልለፈው። ሶፋ አለ፣ ምግብ አለ፣ ጸጥታ አለ። ከኮምቦልቻ መጥተው ቦሌ ረጅም ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ይጠቅማል። ለእሱ ብቻ ብለሽ ግን አትክፈይ።

ከሁሉ በላይ ልለምንሽ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ቢዝነስ ቆርጠሽላቸው ከደሴ አዲስ አበባ በመኪና እንዳታመጫቸው። 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሐረጎን ወርደሽ፣ ከሚሴን፣ ሸዋሮቢትን አልፈሽ፣ ጣርማበርን ወጥተሽ፣ ቀኑን ሙሉ ጉልበት አጥፎ መቀመጥ ነው። እግራቸው ገና ቦሌ ሳይደርሱ ያብጣል። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ቢዝነሱን መግዛት ካልቻልሽ እንኳ ይቺን አትተዪ፣ በትንሽ ብር ብዙ ድካም ታስቀርላቸዋለች። ትኬቱን ከዋሽንግተኑ ጋር በአንድ ላይ አስቆርጪው። ኮምቦልቻ ላይ የሚገባው ትንሽ ባለ ውልብልቢት አውሮፕላን ነው፣ በደረጃ ነው የሚወጣው። እዚያም እርዳታ እንደሚፈልጉ አስመዝግቢ። ሰማዩ ከተዘጋ በረራው ሊዘገይ ስለሚችል አንድ ቀን ቀደም ብለው አዲስ አበባ ይደሩ።

ሻንጣውን ስታዘጋጅላቸው የምታግዝ እህትሽ ታንብበው፦ በርበሬና ሽሮ ይሁን፣ ቋንጣ ግን አይግባ። ሥጋ አሜሪካ አያስገቡም። የያዙትን የምግብ ዓይነት ሁሉ ሲጠየቁ ይናገሩ። ማር በእጅ ቦርሳ ከሆነ ፍተሻው ላይ ይወሰዳል፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አያሳልፉም። ትልቁ ሻንጣ ውስጥ በደንብ ታሽጎ ይግባ።

መጨረሻ ላይ «ብቻቸውን ቢመጡስ?» ብለሻል። ብቻቸውን ከሆነ ሐሳቤን እቀይራለሁ። የቢዝነሱን ብር ለሁለት ኢኮኖሚ ትኬት ብታደርጊውና እህትሽ ወይም ሌላ ዘመድ ይዟቸው ቢመጣ እመርጣለሁ፣ ቪዛ ያለው ሰው ከተገኘ። መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ያዢላቸው እንጂ መስኮቱን አይደለም። ሰው ካልተገኘ ቢዝነሱን ቁረጪ። በዚያ ክፍል ሰው ስለሚያንስ ሆስተሶቹ ቶሎ ቶሎ ያዩዋቸዋል። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወረቀት ጻፊላቸው። ስማቸው፣ ስኳር እንዳለባቸው፣ የመድኃኒቱ ሰዓት፣ ያንቺ ስልክ፣ የምትጠብቂያቸው ቦታ ይኑርበት። ኪሳቸው ውስጥ አይግባ። እኔ ለእናቴ በአንገቷ በምታንጠለጥለው ትንሽ ቦርሳ ከፓስፖርቷ ጋር ነው ያደረግሁላት። ሲገቡም ለመጀመሪያዋ ሆስተስ ያሳዩ። የሚበሩበትን ቀን ስታውቂ ጻፊልኝ፣ የዊልቸሩን ስልክ አብረን እንደውላለን።