ቀዩ ኮከብ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ከአራት ወር በፊት በትንሽ ቴሌስኮፕ ኦሪዮን ከተባለው ህብረ ኮከብ እግር ሥር ደም የመሰለ ኮከብ አየሁ። ስሙ አር ሌፖሪስ ነው አሉኝ። ሰሞኑን ስመለስበት ግን ያገኘሁት በጭንቅ የምትታይ ነጥብ ነው። ቦታ ተሳስቼ ነው ወይስ ኮከቡ እየሞተ ነው? ፀሐያችንስ እንዲህ ትሆናለች?

መልስ፦ አልተሳሳትክም፣ ኮከቡም አልጠፋም። ጠባዩ ነው። አር ሌፖሪስ በጥንቸል ህብረ ኮከብ ውስጥ ያለ የረጅም ጊዜ ተለዋዋጭ ኮከብ ነው፤ ደምቆ፣ ደብዝዞ፣ እንደገና እስኪደምቅ 430 ቀን አካባቢ ይፈጅበታል። በደንብ ሲደምቅ ጨለማ ሰማይ ላይ ያለ መሣሪያ በዓይን ሊታይ ይችላል። ሲደበዝዝ ከዚያ ብርሃኑ ከ300 እጅ አንዱ ገደማ ብቻ ይቀራል። አንተ የደረስክበት እየወረደ ሳለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ያረጀ ግዙፍ ኮከብ ነው፤ ይነፋል፣ መልሶ ይሟሽሻል። ሲነፋ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ብርሃኑ አብዛኛው ዓይናችን ወደማያየው ወደ ኢንፍራሬድ ይሻገራል። ስለዚህ የጠፋው ለኛ ዓይን ነው እንጂ ከኮከቡ የሚወጣው ጠቅላላ ኃይል ያን ያህል አይወርድም።

ቀለሙ ጋ ስንመጣ ግን ቶሎ ማለፍ አልችልም፣ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ጆን ራስል ሂንድ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1845 ሲያየው ከደም ጠብታ ጋር ነበር ያመሳሰለው። ላዩ 2,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ የፀሐይ 5,500 ነው። ግን ቅዝቃዜው ብቻውን እንዲህ አያቀላውም። ኮከቡ ሆዱ ውስጥ ሂሊየም እያነደደ ካርቦን ይሠራል፣ ካርቦኑም እየተናጠ ወደ ላይ ይወጣል። እዚያ ካርቦንና ኦክስጅን አንድ ለአንድ ተጣምረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናሉ። በብዙ ቀዝቃዛ ግዙፍ ኮከቦች የሚተርፈው ኦክስጅን ነው፣ እዚህ ግን ኦክስጅኑ ያልቅና ካርቦን ይተርፋል። የተረፈው ካርቦን እርስ በርሱና ከናይትሮጅን ጋር ሞለኪውል ይሠራል፤ እነዚህ ሞለኪውሎች ሰማያዊውን ብርሃን ይውጡታል፣ የሚያመልጠው ቀዩ ነው። ካርቦኑ ከኮከቡ ርቆ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ልክ እንደ ጥላሸት ብናኝ ሆኖ ይከበዋል። ለዚህ ነው በደበዘዘ ቁጥር የባሰ የሚቀላው።

ፀሐይ ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ቀይ ግዙፍ ትሆናለች፣ እንደ አር ሌፖሪስ ካርቦን የተረፈው የካርቦን ኮከብ ግን አትሆንም። ካርቦኑን እስከ ላይ ለማውጣት ክብደቷ አይበቃም።

አሁን ተስፋ ቆርጠህ እንዳትተወው። ስትመለከት ቀይ ኮከብ ላይ ዓይንህን አትትከል፤ ቀይ ብርሃን ሲያፈጥጡበት እየደመቀ የሚሄድ ይመስላል፣ ግምትህን ያበላሽብሃል። ሰረቅ እያደረግክ እይና ድምቀቱ ከታወቀ አጠገቡ ካለ ኮከብ ጋር አወዳድር። ቴሌስኮፑን ትንሽ ከትኩረት ብታወጣው ነጥቡ ሰፋ ይልና ቀለሙ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል። ቀኑንና ግምትህን ጻፍ፣ በየሁለት ሳምንቱ ድገመው። ህብረ ኮከቡ ከፀሐይ ጋር የሚጠልቅባቸው ጥቂት ወራት ያመልጡሃል፣ ከዚያ እንደገና ስታገኘው ካቆምክበት ቀጥል።