ጆን ሪቻርድ ግሪንን ከየት ልጀምር ላልከው

ወንድሜ፣ «ግሪን ማን ነው? የትኛውን መጽሐፉን ላስቀድም?» ብለሃል። እ.ኤ.አ. በ1874 የታተመውን «የእንግሊዝ ሕዝብ አጭር ታሪክ» አስቀድም። «አጭር» መባሉ እንዳያታልልህ፤ ዳጎስ ያለ ነው።

እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ግሪን በ1837 ኦክስፎርድ ተወለደ። ቄስ ሆኖ በምሥራቅ ለንደን ድሃ ሰፈሮች ለዓመታት አገልግሏል። እኔ እንደሚመስለኝ መጽሐፉን መጽሐፍ ያደረገው ይሄ ኑሮው ነው። በዘመኑ ታሪክ ሲባል ባብዛኛው የንጉሥና የጦርነት ወሬ ነበር። እሱ ግን ነጋዴውን፣ ገበሬውን፣ መነኩሴውን ወደ ፊት አመጣ። እንግሊዞች ፈረንሳዮችን ካሸነፉበት ከክሬሲ ጦርነት ይልቅ ለባለቅኔው ቾሰር፣ ከዮርክና ላንካስተር ቤተሰቦች የዙፋን ሽኩቻ ይልቅ ለአታሚው ካክስተን ሰፋ ያለ ቦታ እንደሚሰጥ መቅድሙ ላይ በግልጽ ተናግሯል። ሕዝቡም መጽሐፉን ተሻማበት። ተቺዎች ግን በዝርዝሩ ላይ ስህተት ለቅመውበታል፤ እውነታቸውን ነው፤ በኋላ እትሞች ላይ ብዙው ታርሟል።

ይህን ሁሉ የጻፈው የሳንባ ነቀርሳ እያሠቃየው ነው። በ1877 አሊስ ስቶፕፎርድን አገባ። አቅም ሲያንሰው እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። በ1883 ፈረንሳይ፣ ማንቶን ውስጥ በ45 ዓመቱ ሞተ። የመጨረሻ መጽሐፉን ለኅትመት ያበቃችው እሷ ናት። አሊስ በኋላ ራሷ የአየርላንድ ታሪክ ጸሐፊ ሆነች፤ የእሷንም ሥራ ብታገኝ እንዳታልፈው።