የወታደሩን መለያ ሰሌዳ ልግዛው?

ጥያቄ፦ ጀርመን ከገባሁ ወዲህ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዕቃ መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ እ.ኤ.አ. 1939 የሚል የታተመበት የብረት መስቀል ኒሻን ገዛሁ፤ ሻጩ መሀሉን በፕላስተር ሸፍኖት ነበር። አሁን ደግሞ ከዩክሬን መሬት የወጣ፣ ያልተሰበረ፣ ወታደር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው መለያ ሰሌዳ ላምጣልህ ይለኛል። የኤስኤስን፣ ማለትም የናዚ ፓርቲን ታጣቂ ክንፍ፣ ነገር አልነካም፤ የመደበኛውን ጦር ብቻ ነው የምሰበስበው። ጓደኞቼ ግን ፊታቸውን ያጠቁሩብኛል። ጥፋቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከቀላሉ ልጀምር። ፕላስተሩ የተለጠፈው ስዋስቲካውን፣ የናዚዎቹን ምልክት፣ ለመሸፈን ነው። በጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 86ሀ ያንን ምልክት በአደባባይ ማሳየት እስከ 3 ዓመት ያሳስራል፤ ለትምህርት፣ ለታሪክ ጥናትና ለኪነ ጥበብ ሲሆን ግን ይፈቀዳል። መሳቢያህ ውስጥ ማስቀመጥህ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ተሸላሚዎቹ ራሳቸው እንኳ በእ.ኤ.አ. 1957 ሕግ የተፈቀደላቸው ስዋስቲካ የሌለበትን ኒሻን ማድረግ ብቻ ነበር። ደረትህ ላይ ሰክተህ ፎቶ እንዳታሰራጭ።

እኔን የከነከነኝ «የመደበኛውን ጦር ብቻ» ያልከው ነው። ሜዳሊያ ስሰበስብ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህችን ከስንቱ ሰብሳቢ አፍ ሰምቻታለሁ። እጁ የቆሸሸው ኤስኤስ እንጂ ጦሩ ንጹሕ ነበር የሚለውን ተረት ከጦርነቱ በኋላ ሲያሰራጩ ከነበሩት ዋነኞቹ ጄኔራሎቹ ናቸው። የተማረኩትን የሶቪየት ወታደሮች ይጠብቅ የነበረው ግን ይኸው መደበኛ ጦር፣ ቬርማኽት ነው። ከ5.7 ሚሊዮን ገደማ ምርኮኞች 3 ሚሊዮን ያህሉ በረሃብ፣ በብርድ፣ በበሽታና በጥይት አለቁ። ኒሻኑን አስቀምጠው፤ እንግዳ ሲጠይቅህ ግን ይህንንም አብረህ ንገረው።

ሰሌዳውን አትግዛ። ሰሌዳው ላይ ቁጥርና የክፍሉ መለያ፣ ብዙ ጊዜም የደም ዓይነት እንጂ ስም የለም። በቀላሉ እንዲሰበር መሀሉ ተበስቶ፣ በሁለቱም ግማሽ ላይ ያው ጽሑፍ ይመታበታል። ወታደሩ ሲሞት አንዱ ግማሽ ተሰብሮ ለመዝገብ ይላካል፣ ሌላው ከአስከሬኑ ጋር ይቀበራል። እንግዲህ ከመሬት የወጣው ሰሌዳ ካልተሰበረ፣ ባለቤቱን ማንም ሳያነሳው የቀረ ሳይሆን አይቀርም። ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያገናኘው መዝገብ ዛሬ በርሊን፣ በፌዴራሉ ቤተ መዛግብት ነው። የጦር መቃብሮችን የሚንከባከበው ፎልክስቡንድ የተባለው ማኅበርም እስከ ዛሬ አጽም እያወጣ ማንነቱን ለመለየት ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ይህችኑ ቆርቆሮ ነው። ተደብቆ የሚቆፍረው ሰው እሷን ወስዶ አጥንቱን ሲበትን፣ ሟቹ ማን እንደነበር የሚታወቅበት መንገድ ይዘጋል። ቤተሰቡ መርዶውን ያጣል፤ ሰውየው የት ዘምቶ ምን ሠርቶ እንደሞተ ሊመረምር የሚሻም መነሻ ያጣል።

ደግሞስ እውነተኛ ለመሆኑ ማን ዋስ ሆነህ? ይህ ንግድ አስመሳይ የሞላበት ነው። ኮንራድ ኩያው የተባለው ሰው የዚያን ዘመን ዕቃ እያስመሰለ ሲነግድ ኖሮ፣ በመጨረሻ «የሂትለር ማስታወሻ» ብሎ ደብተሮች ጽፎ ሸጠ። ሽቴርን መጽሔት 9.3 ሚሊዮን ማርክ ከፍሎበት በእ.ኤ.አ. 1983 ማተም ከጀመረ በኋላ ነው ወረቀቱ ከጦርነቱ ወዲህ የተሠራ መሆኑ የተረጋገጠው። (እኛ የመጽሔት ሰዎችም እንሸወዳለን።)

ሻጩ ሰሌዳውን ካሳየህ፣ ጽሑፉን ገልብጠህ ለቤተ መዛግብቱ ወይም ለፎልክስቡንድ ላክላቸው። የት ቦታ እንደወጣም ጠይቀው፤ አልናገርም ካለ ያንንም ጻፍላቸው።