ሽንኩርቱ፣ ከሰሉ እና የእሁድ እረፍት

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል የቅዳሜና እሁድ ናቸው። አጥበን፣ ጠርገን፣ ወጥ ሠርተን፣ ቡና አፍልተን ዘና እንበል ያሉ ሰዎች ናቸው የጻፉት። እንደተለመደው አሳጥሬያቸዋለሁ።

ባለቤቴን ላስደንቃት ብዬ ዶሮ ወጥ ሠራሁ። ሽንኩርቱ ለብቻ፣ ውሃው ለብቻ ሆነ። ምን አጠፋሁ?

ቸኩለሃል። «20 ደቂቃ ሙሉ አቁላላሁ» ብለህ ጽፈሃል። 20 ደቂቃ ሙሉ! ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ያህል ሽንኩርት አድቅቀህ ክተፍ። ያለ ዘይት፣ ደረቁን፣ መካከለኛ እሳት ላይ አቁላላው። ድስቱን ሊይዝ ሲል ጠብታ ውሃ ጣል እያደረግህ አማስል። ቢያንስ አንድ ሰዓት። ሽንኩርቱ ሽንኩርት መሆኑ ሲጠፋ ያኔ ዘይቱ፣ ከዚያ በርበሬው ይግባ። በርበሬውም ጥሬነቱ እስኪለቀው ይቁላላ። በጥድፊያ የተቁላላ ሽንኩርት ውሃውን ደብቆ ይይዝና ሳህን ላይ ይተፋዋል። እሁድ ለምሳ እንዲደርስ ከፈለግህ ቁሌቱን ቅዳሜ ማታ ሠርተህ አሳድረው።

አሥራ ሁለቱን ብልት ስለማውጣትም ጠይቀኸኛል። እሱ በጽሑፍ አይሆንም። እናትህ አጠገብ ቁም።

ጎመን የሚታጠበው ከመከተፉ በፊት ነው በኋላ?

በፊት።

እሁድ ከሰዓት ሳሎን ቡና ስናፈላ እናቴን ራስ ምታት ይይዛታል። ስለሚበርድ መስኮት አንከፍትም። እሷ «በረካውን ሳልጠጣ ተነስቼ ነው» ትላለች።

እናትሽ ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ ግን በረካው አይደለም። ከሰሉ ነው። የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። «ደጅ አቀጣጥለን ጭሱ ከወጣ በኋላ ነው የምናስገባው» ብለሻል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጭስ የሌለው የቀላ ፍም ይኸው ጋዝ ይወጣዋል። በሩንም መስኮቱንም ክፈቱ፤ ብርድ ከሆነ ጋቢ ደርቡ። ቡናው ሲያበቃ ከሰሉ ወዲያው ይውጣ። ለሙቀት ብሎ መኝታ ቤት ማስገባት ደግሞ በፍጹም አይታሰብ፤ ተኝተው ሳይነሱ የቀሩ ሰዎች አሉ።

ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ፣ በተለይ ሁለት ሦስት ሰው አንድ ላይ ከተሰማው፣ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡና ጤና ተቋም ሂዱ። እናትሽንም በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምለው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ በእጅ ሳጥብ ወገቤን ያመኛል።

ሳፋውን ከመሬት አንስተህ ከፍ ያለ ነገር ላይ አስቀምጠው። አንሶላ ለብቻህ አትጭመቅ። ካልተሻለህ ሐኪም ይይህ።

የቤት ሠራተኛዬ እሁድን ልረፍ አለችኝ።

ደብዳቤው ሦስት ገጽ ነው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ እሁድ ቤተሰቡ ሁሉ ቤት ይውላል። አባት ምንጣፍ ያራግፋል፣ ልጆች አቧራ ይወለውላሉ፣ እናት ወጥ ትሠራለች። ደስ የሚል ቀን ነው። ልጅቷ ግን እረፍት ጠየቀች። ጸሐፊዋ ከፍቷቸዋል። «እንደ ልጃችን ነው የምናያት። እኛም አብረን ነው የምንሠራው። ምን ጎደለባት?»

እሁድ ጎደለባት።

በሦስቱ ገጽ ውስጥ ሊጡን ማን እንዳቦካ አልተጻፈም። ሽንኩርቱን ማን እንደላጠ፣ ከምሳ በኋላ ያ ሁሉ ሳህን ወዴት እንደሄደም የለም። ባለቤትዎ ምንጣፍ ሲያራግፉ ከደከማቸው ይቀመጣሉ። እሷ ስትቀመጥ «እስቲ ውሃ አምጪልኝ» ይመጣል። «እንደ ልጃችን» የምትለዋን ቃል እኔም ብያታለሁ። ግን ልጅዎ እሁድ ጓደኛዋ ጋ ልሂድ ብትል ለጋዜጣ ይጽፉ ነበር?

«ሕጉ አያስገድደኝም» ብለዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቆራረጠ እረፍት ይሰጣል። የቤት ሠራተኛን ጉዳይ ግን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። ስለዚህ በዚህ አዋጅ ቢሟገቱ ያመልጡ ይሆናል፤ ለዚያ ጠበቃ ያናግሩ። ግን ቤሩት ወይም ሪያድ ያለች እህታችን የእረፍት ቀን ተነፈገች ሲባል ደማችን ይፈላ የለም እንዴ? እዚያም ማዳሟ «ምን ጎደለባት?» ነው የምትለው።

እኔ ቤት ያለችው ልጅ እሁድን ማረፍ የጀመረች ዕለት አልጫ ልሠራ ተነሳሁ። እርድ ፍለጋ ማጀት ገባሁ። አንዱን የኒዶ ቆርቆሮ ስከፍት ምስር። ሌላውን ስከፍት አብሽ። ሦስት ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው! ልደውልላት ስልኬን አነሳሁና አፈርኩ። አልጫው እንደነጣ ተበላ። ማታ ሹሩባ ተሠርታ መጣች። ድስቱን ከፍታ አየችና ሳቋን መያዝ አቃታት።

እንግዲህ፦ ቅዳሜ ማታ ትውጣ፣ እሁድ ማታ ትመለስ። ደሞዟ አይነካ። የእሁድ ሳህን ደግሞ ለሰኞ ተጠራቅሞ አይጠብቃት። ይቺን ሁለት ጊዜ ያንብቧት።

ሽንኩርት ስከትፍ አለቅሳለሁ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።

ቢላዎን ይሳሉት፤ በዶለዶመ ቢላ ሽንኩርቱ ይጨፈለቅና ይብስበታል። ከዚያ ለሚስቀው ልጅ ያቀብሉት።